የቤተ መልካም አንገት

ወዲህ አገር የምትባል አገር ነበረች ይባላል። የት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ቢኖር ለራሱ ይያዘው፤ እኔን አይጠይቀኝ። ከወንዙ ወዲህ ስላለች ወዲህ አገር ተባለች። ከወንዙ ባሻገር ወዲያ አገር ነበረች፤ ከሁለተኛው ወንዝ ባሻገር ደግሞ ማዶ አገር። የሦስቱም ነዋሪዎች «ወዲህ ማለት እኛ ያለንበት ነው» እያሉ ከመከራከር በቀር ሌላ ጠብ አልነበራቸውም።

የወዲህ አገር ሕግ በቋጠሮ የሚያምን ሕግ ነበር። የከሳሽ ኩታ ጫፍ ከተከሳሽ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስም አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ወደ ጓሮ ሲሄድ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሐሰተኛ ከሳሽ ይህን ሁሉ ችሎ አይዘልቅም ብለው ነበር አባቶች የደነገጉት። ተበዳዩ አቅም ያጣ እንደሆነ ወይም ተበዳዮቹ ብዙ እንደሆኑ ግን መንግሥት በእነሱ ፈንታ የሚቋጠር ሰው ይመድብላቸዋል። ይህ ሰው ቋጣሪ ይባላል።

ሙጬ የታወቀ ቋጣሪ ነበር። ከበግ ሌባ ጋር ተቋጥሮ ከርሟል። ድንበር ከገፋ ገበሬ ጋር ተቋጥሮ የሰውየውን ማሳ አብሮት አርሷል። አንድ ክረምት ሙሉ ከሚያንኮራፋ ቀማኛ ጎን ተኝቶ፣ ቀማኛው ተፈርዶበት ሲሄድ ዝምታው እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ብልህ ነኝ ብሎ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር፤ ጥፋት ካለ አጥፊ አለ፣ አጥፊ ካለ ደግሞ ትከሻው ላይ ጨርቅ አለ። በዚህ እምነት ጸጉሩ እስኪሸብት ኖረ፤ መቼም አንድም ቀን አላሳፈረውም።

በአንድ በጋ የሙጬ ሚስት ትጓደድ ድስቱን ላወርድ ብላ እሳቱን ያዘች።

«ምን ሆነሽ?» አላት እጇን እያራገበ።

«ጉሙ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ጉም ሞላው። አንተ አይታይህም?»

ጉም አልነበረም። ሙጬ ወደ ደጅ ወጣ፤ ደጁ ጥርት ያለ ነው። ጎረቤቱ ግን አጥሩን እየዳበሰ ይሄዳል፤ ከጎረቤቱ ቀጥላ ያለችው ሴት ደግሞ የራሷን ላም የሰው ላም ናት ብላ ታባርራለች። ወሩ ሳያልቅ የሰፈሩ ግማሽ በጉም ውስጥ ይኖር ጀመር። የሙጬን ዓይን አንዳች አልነካውም፤ ሥራው ሲያንከራትተው ከርሞ ቤቱ የበላው ጥቂት ነበርና።

ቀሪውም ተከተለ፤ ከሙጬ ሌላ ከሰፈሩ ጨርሶ ያልታመመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እትዬ ሸጊቱ። ሰፈርተኛው በሙሉ «ዓይናችንን የወሰደችው እሷ ናት፤ ቋጥራት!» ብሎ ሙጬን ያዘው። ሙጬም ግራ ገባውና ተቋጠራት። አብሯት ሲበላ ሰነበተ፤ ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠለት። እትዬ ሸጊቱ ስስታም ናት። ሰው ሁሉ አዲሱን ነጭ ጨው ሲገዛ እሷ እናቷ የተዉላትን የአሞሌ ስባሪ እየፈገፈገች ነበር የምትበላው። ሙጬ ይቅርታ ጠይቆ ፈታት፤ እሷም እስካሁን የበላውን አስባ ተቀየመችው።

አዲሱ ጨው የቤተ መልካም ጨው ነው። ቤተ መልካም ከማዶ ድረስ ዕቃ በጀልባ የሚያስመጣ ትልቅ የንግድ ቤት ነው። ጨውን ሲጀምር አሞሌውን በሙሉ ከገበያ ገዝቶ አስቀረና፣ በምትኩ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ጨው በከረጢት አቀረበ። ሙጬ ከረጢቱን ይዞ ወደ መድኃኒተኛዋ ወደ ወይዘሮ ብርቄ ሮጠ። ቀመሰች፣ ተፋች፣ ደግማ ቀመሰች።

«አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል» አለች። «ምን እንደሆነ ካወቅሁ ማርከሻውን አላጣውም። ሳላውቅ ሚስትህን ባጠጣት ግን ዓይኗን ጨርሼ ላጠፋው እችላለሁ። ጠይቀህ አምጣልኝ። ደግሞ ቶሎ በል፤ ጉሙ ከረጋ በኋላ አይመለስም።»

ሙጬ ቀላል ነገር መሰለው። አጥፊውን ይቋጠራል፣ አጥፊው ይጠየቃል፣ ይናገራል፣ ትጓደድ ትድናለች። ወደ ሸንጎ ሄዶ ከአፈ ሸንጎ ድልነሳ ፊት እጅ ነሣ። አፈ ሸንጎ ድልነሳ ሲያስቡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ዳኛ ነበሩ፤ ብዙ ያስቡ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቤተ መልካምን ልቋጠረው ፈቃድ ይስጡኝ።»

«ቤት ነው የምትቋጠረው?»

«ቤት አይደለም ጌታዬ፤ ሰው ነው። ንጉሡ በአዋጅ ሰው ነው ብለውታል። መሬት ይገዛል፣ ይወርሳል፣ ይከሳል፤ የሰደበው ሰው እንኳ ይቀጣል።»

«እውነት ነው፤ ሰው ነው» አሉ አፈ ሸንጎ።

«እንግዲያው ልቋጠረው።»

«ከምኑ ላይ?»

«ከኩታው ጫፍ ነዋ።»

አፈ ሸንጎ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ ሰው መሆኑን አወጅን እንጂ ልብስ መልበሱን መች አወጅን?»

ሙጬ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። ሸንጎውን ዞሮ ዞሮ ተመልሶ መጣና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ያንኑ መልስ አገኘ። በመጨረሻ አፈ ሸንጎ አዘኑለትና እንዲህ አሉት፤ «ሕጉ አካል ለሌለው ሰው አንገት ይኑረው ይላል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቤት አንድ አንገት አለው። ሂድና አንገትህን አምጣ በለው።»

የቤተ መልካም ሕንጻ በሩ ብዙ ነው፤ አንዱን ሲከፍቱት ሌላ በር ይገኛል። ሙጬን በመጨረሻው በር ላይ አለቃ ጽጌ የሚባሉ፣ ከእንግዳ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ሰው ተቀበሉት።

«የሚስትዎን መታመም ሰምተን አዝነናል» አሉት።

«ማን ነገራችሁ?»

«ቤቱ ሰምቷል።»

«ቤቱ የትኛው ሰው ነው?»

«ቤቱ ቤቱ ነው። አንገቱን ነው የፈለጉት? አሁኑኑ እናቀርባለን፤ እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን» ብለው አጨበጨቡ።

የመጣው አንገት ዳምጤ የሚባል ሰው ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲገባም ሲወጣም ለበሩ ሳይቀር እጅ የሚነሣ ሰው። ኩታውን ራሱ ዘርግቶ ጫፉን ለሙጬ አቀበለው። «ይቋጠሩኝ ጌታው፤ ደህና አድርገው ያጥብቁት፤ የላላ እንደሆነ ለሁለታችንም ጣጣ ነው።» ለሙጬ ከቋጣሪነት ዘመኑ ሁሉ እንዲህ የቀለለ ቋጠሮ አልነበረውም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም።

«ጨዉ ውስጥ ምንድን ነው የቀላቀላችሁት?» ሲል ጠየቀው ገና ከደጁ ሳይርቁ።

«እኔ?» አለ ዳምጤ። «እኔ ጌታው ግድግዳ መራጊ ነበርኩ። ጭቃ ሲጠፋ ሥራ ፈታሁ። አንገት ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ፤ ሄድኩ፤ አንገቴን አይተው ጥሩ ነው አሉኝ። የወዲህም የወዲያም የማዶም አንገት እኔው ነኝ።»

«ማነው የቀጠረህ?»

«ቤቱ።»

የሙጬ ቁጣ መጣ። ሰውየውን በኩታው ጫፍ ነቀነቀው። ዳምጤ ግን አልተቆጣም፤ «ልክ ነዎት፤ እኔም ብሆን እቆጣለሁ» አለው።

አፈ ሸንጎ ሁለቱን ባዩ ጊዜ አንድ ጥያቄ አመጡ፤ ጥፋቱ የተፈጸመው የት ነው? ሙጬ «እዚህ ነዋ፤ የታመመው ሰው እዚህ ነው» አለ። አፈ ሸንጎ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ የተደረገው መሸጥ ነው፤ መሸጥ ደግሞ ነውር የለውም። የተቀላቀለው ወዲያ አገር ነው፤ የተቆፈረው ማዶ አገር ነው። «ከሁለቱ አገሮች ጥፋት ነው የሚል ቃል ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ ችሎት እንቀመጣለን።»

ተቋጥረው ጀልባ ላይ ወጡ። ጀልባዋ በቤተ መልካም ባዶ ከረጢት ተሞልታ ነበር። ወንዙ መሐል ሲደርሱ ቀዛፊው መቅዘፉን አቆመና «ፍቱ» አላቸው።

«ምን?»

«ቋጠሯችሁን ነዋ። የወዲህ አገር ቋጠሮ ከዚህ በላይ አይሠራም። ይህን የድንበር ገመድ ካለፋችሁ በኋላ የወዲያ አገር ቋጣሪ ነው የሚቋጥራችሁ።»

«ከረጢቱስ?»

«ከረጢት ምን አደረገና ነው የሚከለከለው?» አለ ቀዛፊው ተገርሞ።

ፈቱ። ዳምጤ ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ አላመለጠም። በወዲያው ዳርቻ ወይዘሮ አለሚቱ የተባለች የወዲያ አገር ቋጣሪ ተቀበለቻቸው። በእነሱ አገር ቋጠሮ በግራ እጅ ነው፣ ያውም ተከሳሹ ሲስማማ ብቻ። ዳምጤ ተስማማ። ወይዘሮ አለሚቱ ደግ ሴት ነበረች፤ ነገሩን ሰምታ አንገቷን ደፋች።

«መቀላቀሉ እዚህ ነው፤ አልክድህም ወንድሜ» አለችው። «መጋዘኑን እንኳ ከዚህ ሆነህ ታየዋለህ። ግን ከዚህ አገር ዓይኑ የጠፋ ሰው የለም፤ እኛ ያንን ጨው አንበላም። የታመመ ሰው በሌለበት ምን ጥፋት አለ ብዬ ቃሌን ልስጥ?»

«ገብቼ ምን እንደሚቀላቅሉ ልይ።»

«መጋዘኑ የቤቱ ሰውነት ነው። የሰው ሰውነት መፈተሽ በኛ አገር ነውር ነው።»

ሙጬ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። ቤተ መልካም ሲቋጠር አካል የለውም፤ ሲፈተሽ አካል አለው። ይህን ነገር አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ቢያገላብጠው ሊገባው አልቻለም። ዳምጤም አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ግራ ተጋባ።

ማዶ አገር ሲደርሱ ደግሞ የባሰ ነበር። የማዶው ሹም የለበሰው ካባ የቤተ መልካም ምልክት ያለበት ነው። ከሩቅ ሙጬ ነጩን ኮረብታ፣ የሚቆፍሩትንም ሰዎች አየ። ሹሙ «አፈር መቆፈር በናንተ አገር ወንጀል ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሙጬ አይደለም አለ። «እንግዲህ ምን ልርዳህ?» አለው። ባለቤቱ ማነው፣ ትእዛዙስ ከየት ነው የሚመጣው ብሎ ሲለምነው ሹሙ ሳቀ። «ከናንተ ነዋ፤ ከወዲህ! ሁሉም ነገር ከወዲህ ነው የሚታዘዘው።»

መንገዱ ረጅም ነበር። እንደ ቋጠሮው ወግ አብረው ይበሉ ነበር፤ ዳምጤ ደግሞ ስንቁ ላይ ከኪሱ ነጭ ጨው ያርከፈክፋል። ሙጬ እጁን ያዘው።

«ተው እንጂ አንተ! ዓይንህ ይጠፋል።»

«አይሆንም ወንድሜ። የቤቱ አንገት የቤቱን ጨው አልበላም ቢል ምን ይባላል? ቀለቤም እኮ ይሄው ነው፤ ሌላ አልተሰጠኝም።»

ወደ አገር ሲመለሱ ዳምጤ ድንጋይ ያደናቅፈው ጀመር። መጀመሪያ መንገዱ ነው የከፋው አለ፤ ቀጥሎ ቀኑ ደመና ነው አለ። ቀኑ ግን ደመና አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሙጬ በኩታው ጫፍ እየሳበ መራው። የሚያየው ሰው ሁሉ «ቋጣሪው ተከሳሹን እየጎተተው ነው» ይል ነበር። ሙጬ ግን ልቡ በጣም አዘነ። ይህን ሰው አይጠላውም፤ የሚጠላውንም ሰው አያውቀውም።

ትጓደድ በደጁ ተቀምጣ ድምፃቸውን ሰምታ ብቻ ነው የለየቻቸው። ጉሙ ወደ መርጋቱ ነበር።

ሙጬ ከሁለቱ አገሮች የጥፋት ቃል ባያመጣም፣ ሕዝቡ ፍርድ ፍርድ ቢል በመጨረሻ ችሎት ተቀመጠ። ጉም ያደረባቸው ሰዎች እየተመሩ መጡና ሜዳውን ሞሉት። አፈ ሸንጎ ድልነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠየቁ፤ «ቤተ መልካም ሆይ፣ ጨዉ ውስጥ ምን ቀላቀልህ?»

ዳምጤ ተነሣ። «እኔ አላውቅም ጌታዬ።»

«አንገቱ አላውቅም ካለ ቤቱ አላውቅም ብሏል» አሉ አፈ ሸንጎ። «ተመዝግቧል። ጥፋቱን ግን ትቀበላለህ?»

ዳምጤ ወደ አለቃ ጽጌ ፊቱን አዞረ፤ አላያቸውም፤ ግን ወደሚቀመጡበት አዞረ። «መቀበል ሥራዬ ነው ጌታዬ።»

ፍርዱ ተሰጠ። የቤቱ አንገት ወኅኒ ይወርዳል፤ ቤቱ ግን በአንገቱ ስለ ተቀጣ ንጹሕ ነው። ጨዉም ከዚህ በኋላ ያለ ሐሜት ይሸጥ። ሕዝቡ እንዲፈረድ ነበርና የመጣው፣ ሲፈረድ እልል አለ። የሙጬ እጅ ብቻ ቋጠሮውን አልለቅ አለ።

«ሰውየው ይህ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ይህ ግድግዳ መራጊ ነው! ሌላ ሰው አለ፤ እሱን ነው የምፈልገው! ምን እንደቀላቀለ ይንገረኝና ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ!»

«ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቋጠሮ መያዝ በፍርድ ላይ ማመፅ ነው» አሉ አፈ ሸንጎ፤ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። ዳምጤ ራሱ ነው በጣቶቹ ዳብሶ ቋጠሮውን የፈታው። «አይዞህ ወንድሜ» አለው፤ «አትጣላብኝ፤ እኔ እኮ ለዚሁ ነው የተቀጠርኩት።» ሙጬ በዚያው ቀን ከቋጣሪነቱ ተሻረ። በማግሥቱ ገበያ ላይ በከረጢቱ ላይ «ፍርዱን የጨረሰ ጨው» የሚል ማኅተም ተመታበት፤ ከበፊቱ የበለጠ ተፈለገ።

ሥራ ፈትቶ ቤቱ ሲቀመጥ ከቤተ መልካም መልእክት መጣ፤ አለቃ ጽጌ ይፈልጉሃል የሚል። ትጓደድ «አትሂድ» አለችው። «ከነሱ ጋር ምን አለህ?» ሙጬ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። ከበር በር አልፎ የገባ ሰው ከውስጥ አንድ ባለቤት ማግኘቱ አይቀርም። «ምን እንደቀላቀሉ ብቻ ጠይቄ እመለሳለሁ» አላት፤ ሄደ።

አለቃ ጽጌ በሮቹን ሁሉ አሳለፉትና አንድ ሰፊ አዳራሽ አገቡት። የከበሩ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ወንበር አለ፤ ባዶ ነው።

«አንገት አጥተናል» አሉ አለቃ ጽጌ። «እርስዎ ጽኑ ሰው መሆንዎን ችሎቱ ላይ አየን።»

«እኔ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ባለቤቱ ማነው? ምን ቀላቀለበት?»

«የቤቱን ምሥጢር መጠየቅ የሚችለው የቤቱ አንገት ብቻ ነው፤ ደንቡ ነው። ይህን ያድርጉና ይጠይቁን» አሉና ከቀይ ሐር የተሠራ፣ ጫፉ ላይ የቤቱ ምልክት የተጠለፈበት የአንገት ልብስ አመጡ። ሙጬ ትጓደድን አሰበ። ጉሙን አሰበ። ጎንበስ አለ፤ አለቃ ጽጌም አጠለቁለት።

«አሁን ንገሩኝ» አለ ቀና ብሎ። «ምንድን ነው የቀላቀላችሁት?»

 የከበሩት ሰዎች እርስ በርስ ሳይሆን ወደ ባዶው ወንበር ተመለከቱ። አለቃ ጽጌ በሩን ዘጉና ቀርበው፣ ያ የለሰለሰ ድምፃቸው ተሰባብሮ፣ በጆሮው ተናገሩ።

«እኛ እኮ እርስዎን ያስጠራንዎት ይህንኑ ልንጠይቅዎት ነው። ወዲያንም ማዶንም የዞሩት እርስዎ ነዎት፤ እኛ ከዚህ ወጥተን አናውቅም። ትእዛዝ ከማዶ ነው የሚመጣልን።»

«ማዶዎቹ ደግሞ ከዚህ ነው የሚመጣልን አሉ።»

«እንዲያ አሉ?» አለቃ ጽጌ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ነበር። «እባክዎ ወንድሜ፣ አንድ ሰው እንኳ አላዩም? አንድ ስም እንኳ? ጉሙ የኔንም ዓይን ከጀመረው ሰነበተ።»

ሙጬ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። በሮቹን ማን እንደከፈተለት፣ ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው፣ እሺ ይበል እምቢ ይበል አያስታውስም። ገበያው መሐል ሲያልፍ ሰዎች እጅ ነሡት፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ትጓደድ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ፊቷን እየመታት ተቀምጣለች። ኮቴውን ሰምታ ቀና አለች፤ ዓይኗ ከትከሻው በላይ ባዶ አየር ላይ አረፈ።

«ሙጬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አገኘኸው?»

ቀርቦ ጎንበስ አለላት። ትጓደድ እጇን ዘርግታ ደረቱን አገኘች፤ ከደረቱ ወደ ላይ ወጣች፤ ጣቶቿ ሐሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ጫፉን ዳሰሰች፤ ጥልፉን ዳሰሰች። ከረጢቱ ላይ በየቀኑ በእጇ የምታውቀው ምልክት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ያጠለቅከው?»

ሙጬ ሊነግራት ፈለገ። ለጥያቄ ሲል እንደሆነ፣ ለእሷ ሲል እንደሆነ፣ እነሱም እንደማያውቁ፣ ማንም እንደማያውቅ ሊነግራት ፈለገ። ከየቱ እንደሚጀምር ግን ጠፋው።

ትጓደድ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ከጉልበቷ ላይ አነሣች፤ በሌላው እጇ የእሱን ኩታ እየዳበሰች ጫፉን ፈለገች። አገኘችው። ዓይኗ ስለማይረዳት መቋጠሩ ጊዜ ወሰደባት፤ ሙጬም እስክትጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቃት።